ያልለመዱት አደጋ ሲጠበቅ፦ የርዕደ መሬት ሥጋት በሐርቡና አካባቢው፣ የጤና ባለሙያውም ድርሻ

አደጋ በሰው ጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አደጋው ከደረሰባት ደቂቃ ብቻ የሚጀምር አይደለም። የተፈራው ነገር ገና ሳይደርስ፣ ምናልባትም ከነጭራሹ ሳይደርስ፣ በመጠበቅ ብቻ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ምግብ የሚያስጠላ፣ ሥራ የሚያስፈታ ጭንቀት አለ። ይህ ጭንቀት በተለይ የሚበረታው የተፈራውን አደጋ ባልለመደ ኅብረተሰብ ውስጥ ነው። ጎርፍ የለመደ የወንዝ ዳር ነዋሪ ሰማዩ ሲጠቁር ከብቱን ወዴት እንደሚነዳ ያውቃል። ድርቅ ያሳለፈ ገበሬ ምን ሸጦ ምን እንደሚያስቀር አስቀድሞ ያሰላል። መሬት ራሷ ትነቃነቃለች የተባለ ዕለት ግን ምን መያዝ፣ ወዴት መሄድ፣ ማንን መጠየቅ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው በብዙዎቹ የአገራችን ከተሞች እምብዛም አይገኝም። ሥጋቱን ወደ ጭንቀት የሚለውጠውም በአብዛኛው ይኸው የሚደረገውን አለማወቅ ነው።

ሐርቡ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የቃሉ ወረዳ ከተማ ናት። ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ የሚዘልቀው የቦርከና ሸለቆ፣ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ዝቅተኛ ስፍራ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ መሬት ተሰንጥቆ በመስመጡ የተፈጠረ ገባ ያለ ቦታ ነው። በሌላ አነጋገር ነዋሪው በየዕለቱ የሚያርሰውና የሚረማመድበት ሸለቆ የመሬት መሰንጠቅ ውጤት ነው። ይህን የሥነ ምድር ባለሙያዎች ጠንቅቀው ያውቁታል፤ በሸለቆው ውስጥ የሚኖረውና የሚታከመው ሰው ግን እንግዳ ነገር ሆኖ ይሰማዋል።

የተረሳ ታሪክ

በቅድሚያ መታረም ያለበት አንድ አስተሳሰብ አለ፤ ይኸውም «በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም» የሚለው ነው። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት በመለኪያው ከ6 በላይ የሆነ ነበር። ማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ቤቶች ወደቁ፤ ከካራ ቆሬ ወደ ሰሜን፣ ማለትም ወደ ከሚሴና ወደ ሐርቡ የሚያመራው አውራ ጎዳና በስንጥቅና በናዳ ተጎዳ። ንዝረቱ በአንድ ቀን አላበቃም፤ ለወራት እየተመላለሰ ቆየ። ታሪኩን ፒየር ጉዌን የተባሉት የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሥራች እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመውና ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪቃ ቀንድ የርዕደ መሬት ታሪክ በሚያወሳው መጽሐፋቸው መዝግበውታል። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም.፣ በአፋር የምትገኘው ሰርዶ ከተማ በተመሳሳይ አደጋ ፈርሳለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር በዳባሁ አካባቢ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ተሰንጥቃ በሺህ የሚቆጠሩ አርብቶ አደሮች ከቀያቸው ተነሥተዋል።

በ1953 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ነው። እነዚህ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ልምዳቸው አለመጠየቁ ያሳዝናል። መሬት ለወራት ስትንቀጠቀጥ ቤተሰብ የት እንዳደረ፣ ምን እንደበላ፣ ፍርሃቱ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደቀለለ የሚናገሩት ቃል፣ ከየትኛውም ማሠልጠኛ ጽሑፍ ይልቅ በሰፈራቸው ሰው ዘንድ ይታመናል። «አይተነዋል፤ አልፏልም» የሚል አንድ አዛውንት በቡና ላይ ሲናገሩ፣ ያልታወቀው አደጋ የታወቀ መሆን ይጀምራል።

ትውስታው ተቋርጦ ሳለ ነበር የ2017 ዓ.ም. ንዝረቶች የመጡት። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ቅልጥ ዓለት ከመሬት በታች ወደ ስንጥቆች ሲገባ በመቶዎች የሚቆጠሩ ንዝረቶች ተመዘገቡ። የመስከረም 26ቱ ንዝረት አዲስ አበባ ባሉ ፎቆች ላይ የሚኖሩ ሰዎችን በሌሊት ልብስ ወደ ደጅ አስወጣ። ታኅሣሥ 26 ቀን ወደ 5.8 የሚጠጋ፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 ያህል የሆነ ርዕደ መሬት ደረሰ። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ መንግሥት 80,000 ያህል ሰዎችን ከአደጋው ቀጣና ለማንሣት መነሣቱን አስታወቀ። ከየካቲት በኋላ ባሉት ወራት ንዝረቱ እየቀነሰ ሄደ። ይህ ጋብ ካለ በኋላ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሚገኘው፣ ፈንድቶ እንደሚያውቅ ምንም የጽሑፍ መረጃ ያልነበረው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደረሰ።

ከፈንታሌ እስከ ሐርቡ ያለው ርቀት ብዙ ነው። ሆኖም የንዝረቱ ወሬ በእጅ ስልክ ከንዝረቱ ይልቅ ፈጥኖና ርቆ ይጓዛል። የተሰነጠቀ መሬትና የሚፈላ ውኃ ተንቀሳቃሽ ምስል የተመለከተ ሰው፣ ምስሉ ከየት እንደመጣ ሳያጣራ የራሱን ግድግዳ መመርመር ይጀምራል።

የሚጠበቅ ነፋስና የማይታወቅ ንዝረት

የሥጋትን ጠባይ ለመረዳት ሁለት ያልተለመዱ አደጋዎችን ማነጻጸር ይጠቅማል። ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው የባሕር አውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ምዕራብ ዘልቆ የሶማሌላንድን ጠረፍ መታ። ጅቡቲንና በአገራችን የሶማሌ ክልል አዋሳኝ አካባቢዎችን በዝናብና በጎርፍ አጥለቀለቀ። በሰሜን ህንድ ውቅያኖስ ከተመዘገቡት አውሎ ነፋሶች መካከል እስከዚያን ጊዜ ድረስ ይህን ያህል ወደ ምዕራብ ገብቶ የብስ የመታ አልነበረም። ለአካባቢው ሕዝብ እንግዳ ነገር ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አውሎ ነፋስ ከሳተላይት ይታያል። ከቀናት በፊት ይታወቃል፤ መንገዱ በካርታ ላይ ይሠመራል፤ የሚደርስበት ቀንም በግምት ይነገራል። ስለዚህ የሚያስከትለው ጭንቀት መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ዝናቡ ሲያባራ፣ ነፋሱ ሲቆም ሰው «አለፈ» ለማለት ይችላል። በርዕደ መሬት ረገድ ግን ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን አስቀድሞ ለመናገር የቻለ ሳይንስ እስከ ዛሬ የለም። በተከታታይ የሚደጋገሙ ንዝረቶች አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ አደጋ ሳያስከትሉ ቢከስሙም፣ አንዳንድ ጊዜ ግን ትልቁ በመካከላቸው ወይም በመጨረሻቸው ይመጣል። ሰው ሠራሽ ማስጠንቀቂያ ባላቸው አገሮችም ቢሆን የሚገኘው የሰኮንዶች ፋታ ብቻ ነው። በመሆኑም የሚጠብቀው ሰው «አለፈ» የሚልበት ቀን አያገኝም። ይህ መጨረሻ የሌለው መጠበቅ የርዕደ መሬትን ሥጋት ከአውሎ ነፋስ ሥጋት ይልቅ አድካሚ ያደርገዋል።

የወሎ ሰው ደግሞ ሌላም ሸክም አለበት። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ሲቃረብ ብዙዎች ልጆቻቸውን ይዘው በዚህ ጎዳና ወደ ደቡብ ሸሽተዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የበረሃ አንበጣ የደረሰ ሰብል በልቷል። የሚቃረብ ነገርን እየሰሙ ማደር ለዚህ ሕዝብ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ የአደጋው ዓይነት ነው። ቀደም ሲል የቆሰለ ሰው ደግሞ በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል። ከባድ መኪና ሲያልፍ መስኮቱ የተንቀጠቀጠ ዕለት ከቤት የሚሮጥ ሰው «ፈሪ» ሊባል አይገባም፤ ከዚህ በፊት ያሳለፈው ምን እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል።

በአካል ውስጥ የሚሆነው

አንጎል አደጋን ሲጠረጥር፣ ጥርጣሬው እውነት መሆኑ ከመረጋገጡ በፊት አካልን ለሽሽት ያዘጋጃል። በአንጎል ውስጥ አሚግዳላ የሚባለው ክፍል ምልክት ሲሰጥ አድሬናሊን ወደ ደም ይለቀቃል፤ የልብ ምት ይፈጥናል፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ትንፋሽ ይበዛል፤ ሆድ ይረበሻል። ሥጋቱ በዚህ ካላበቃ ኮርቲሶል የተባለው ንጥረ ነገር ተከትሎ ይመነጫል፤ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትንም ያዛባል። ይህ ሁሉ ለአንድ ሰዓት ቢሆን ጠቃሚ ነው፤ ለሦስት ወር ሲቀጥል ግን አካልን ያዳክማል።

ድንጋጤው በልብ ላይ የሚያደርሰው ጫና ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1994 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ የኖርዝሪጅ ርዕደ መሬት በደረሰበት ቀን ከልብ ደም ሥር ሕመም ጋር በተያያዘ በድንገት የሞቱት ሰዎች 24 ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የነበረው የቀን አማካይ 4.6 ብቻ ነበር። ከሟቾቹ የሚበዙት ግድግዳ የወደቀባቸው አልነበሩም። ለጤና ጣቢያ የሚኖረው ትርጉም ግልጽ ነው፤ በሥጋት ወቅት ክትትላቸው መላላት የሌለበት በመጀመሪያ ደረጃ የደም ግፊትና የልብ ሕሙማን ናቸው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውና ባለሙያን የሚያደናግረው መሬት ሳትነቃነቅ የምትነቃነቅ መስሎ መሰማት ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ከ2011ና ከ2016 ርዕደ መሬቶች በኋላ ይህን በስፋት አጥንተውታል። ተደጋጋሚ ንዝረት የውስጠኛውን ጆሮ የሚዛን ስሜት ያዛባል፤ ጭንቀትም ያባብሰዋል። ሰውየው ተኝቶ አልጋው ሲወዛወዝ ይሰማዋል፤ የተንጠለጠለ አምፖል ወይም በብርጭቆ ያለ ውኃ አይቶ መቆሙን ካረጋገጠ በኋላም ስሜቱ አይለቀውም። ይህ የአእምሮ መታወክ ምልክት አይደለም። እንዲህ ያለ ስሜት በብዙ ሰው ላይ እንደሚደርስና በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ እንደሚሄድ ማስረዳት ብቻውን ከፍተኛ እፎይታ ይሰጣል።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሰው

«ተጨንቄአለሁ» ብሎ ካርድ የሚያወጣ ሰው በአካባቢው እምብዛም አይገኝም። የሚመጣው «ልቤን ባር ባር ይለኛል»፣ «ሰውነቴን ያርደኛል»፣ «ራሴን ይጨምቀኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» እያለ ነው። አጥቢ እናት «ደንግጬ ወተቴ ተበላሸ» ትላለች። ባለሙያው ወደ መድኃኒት ማዘዣው ከመሄዱ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ለራሱ ማቅረብ ይገባዋል። የመጀመሪያው፣ ከሥጋቱ በስተጀርባ የተሸፈነ ሌላ ሕመም አለ ወይ? የሚል ነው። ሐርቡ ወባ የሚገኝበት አካባቢ ነው፤ መንቀጥቀጥና ራስ ምታት ሁልጊዜ የፍርሃት ምልክት አይደሉም። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ የስኳር መውረድ፣ ብዙ ጫትና ብዙ ቡናም የልብ ምትን ያፈጥናሉ። በተለይ ግራ መጋባት፣ ቀንና ቦታ መሳት የታየበት ሕመምተኛ በጭንቀት ስም ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ጭንቀቱ የሰውየውን ኑሮ ምን ያህል አስተጓጉሏል? የሚል ነው። የሚፈራ ሆኖ ከብቱን የሚያግድ፣ ልጆቹን የሚመግብ፣ ገበያ የሚወጣ ሰው ጤነኛ ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ፍርሃት ነው። ምግብ ያቆመ፣ ልጁን መንከባከብ የተወ፣ ከቤት ውጪ እንኳ እንቅልፍ የማይወስደው፣ የመሞት ሐሳብ የሚመላለስበት፣ ወይም ንዝረቱ በእርሱ ኃጢአት ብቻ የመጣ መሆኑን በልዩ መልእክት እንደተነገረው የሚያምን ሰው ግን ልዩ ትኩረት ያስፈልገዋል፤ እንደ ሁኔታው ወደ ደሴ ወይም ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሊላክ ይገባል። አደጋው ገና ሳይደርስ የሚታየውን ሥጋት ከአደጋ በኋላ ከሚመጣው የአእምሮ ሰቀቀን ሕመም ጋር ማምታታትም አይገባም። ያ ሕመም ያለፈን ነገር የሚመለከትና ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ሲዘልቁ የሚሰየም ነው። የሚጠበቅን ነገር መፍራት የተለየ ነው፤ የሚረዳውም በተለየ መንገድ ነው።

ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል የሚነሣበት ሰው አለ። ልቡ ይመታል፤ ትንፋሹ ያጥራል፤ ጣቶቹና ከንፈሮቹ ይደነዝዛሉ፤ ሊሞት የተቃረበ ይመስለዋል። መደንዘዙ የሚመጣው በፍጥነት ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሙ ስለሚቀንስ ነው። ማዕበሉ ብዙውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፉ ላይ ደርሶ ይወርዳል። ፌስታል አፍ ላይ ደፍቶ ማስተንፈስ ጎጂ ሊሆን ስለሚችል መቅረት አለበት። አጠገቡ ተቀምጦ አየር ከማስገባቱ ይልቅ በማስወጣቱ ላይ እንዲዘገይ አብሮ መተንፈስ ይበቃል። አጥቢዋ እናትም ወተቷ አልተበላሸም፤ ድንጋጤ የወተቱን መውረድ ለጊዜው ያዘገየዋል እንጂ አያበላሸውም። ሕፃኑን ደጋግማ ማጥባቷ ወተቱን ይመልሰዋል፤ እርሷንም ያረጋጋታል። በዚህ ወቅት የታሸገ ወተት መስጠት ጉዳቱ ያመዝናል።

ምን ይነገር?

እዚህ ላይ ባለሙያው ከሁሉ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። የተጨነቀ ሰው ፊት ሲቀመጥ ማንም ደግ ሰው የሚመጣለት ቃል «አይዞህ፣ ምንም አይመጣም» የሚለው ነው። ይህ ቃል የሚያስከፍለው ዋጋ በጣልያኗ ላኲላ ከተማ ታይቷል። በዚያች ከተማ ለወራት ትንንሽ ንዝረቶች ሲደጋገሙ ሕዝቡ ተጨነቀ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2009 የአደጋ ኮሚሽን ስብሰባ በተደረገበት ዕለት አንድ ባለሥልጣን፣ ትንንሾቹ ንዝረቶች ኃይሉን ስለሚያስተነፍሱት ሁኔታው መልካም ነው ብሎ ሕዝቡን አረጋጋ። በስድስተኛው ቀን ሌሊት 6.3 የሆነ ርዕደ መሬት ደርሶ ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ። ንዝረት ሲሰማ ወደ ደጅ ወጥቶ ማደር የቆየ ልማድ የነበራቸው ቤተሰቦች በዚያች ሌሊት በተሰጣቸው ማረጋጊያ ምክንያት ቤታቸው ውስጥ ቀሩ ሲሉ ዘመዶቻቸው ለፍርድ ቤት መሰከሩ። ስድስቱ ሳይንቲስቶች በይግባኝ በ2014 ነፃ ወጡ፤ የባለሥልጣኑ ቅጣት ግን ተቀነሰ እንጂ አልተሻረም። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ «ሳይንቲስቶች ባለመተንበያቸው ተከሰሱ» እየተባለ ይወራል፤ የክርክሩ ፍሬ ነገር ግን መተንበይ ሳይሆን ያለ መረጃ ማረጋጋት ነበር።

«ኃይሉን ያስተነፍሰዋል» የሚለው አነጋገር በእኛም አገር ይሰማል። ስሌቱ ግን አይደግፈውም። በመለኪያው አንድ ደረጃ ከፍ ማለት 32 እጥፍ ያህል ኃይል ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ 6 የሆነ ርዕደ መሬት ኃይል ለማውጣት 1,000 ያህል በ4 የሚለኩ ንዝረቶች ያስፈልጋሉ።

ታዲያ ምን ይባል? እውነቱን፣ በአጭሩ፣ ከሚሠራ ነገር ጋር አያይዞ መናገር ነው። ለምሳሌ ለአንዲት እናት «እትዬ፣ መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው የለም፤ አውቃለሁ የሚልዎትን አይስሙ። እንዲህ ያለው መደጋገም አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ነገር ሳያመጣ ይበርዳል። ቢመጣ ግን ምን እንደምናደርግ ዛሬ እንነጋገር» ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ሥራ ትንሽና በዚያው ቀን የሚፈጸም መሆን አለበት። ከአልጋው በላይ ያለው ከባድ ዕቃ ይውረድ፤ ሣጥኑ ከግድግዳ ጋር ይታሰር፤ ጫማና የእጅ ባትሪ ከትራስ አጠገብ ይቀመጥ፤ ቤተሰቡ የሚገናኝበት ከግድግዳና ከመብራት ምሰሶ የራቀ ሜዳ ይመረጥ። በፎቅ ወይም በጽኑ ሕንፃ ውስጥ ያለ ሰው በጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ተጎንብሶ ራሱን ይከልላል። በድንጋይ ወይም በጭቃ ቤት በር አጠገብ ያለ ሰው ግን ወዲያው ወደ ገላጣ ስፍራ ቢወጣ ይሻላል። ቤቱ በንዝረት የተሰነጠቀበት ሰው ከውጪ ማደሩ ፍርሃት ሳይሆን ብልኅነት ነው፤ ከብርድና ከወባ ትንኝ የሚከላከልበትን መንገድ፣ አጎበርን ጨምሮ፣ ማመልከት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ድርሻ ይሆናል። ሣጥኑን ባሰረባት ሌሊት ሰውየው ከወትሮው ይሻላል። ሥራው አደጋውን ባያስቀርም እጅን ከመጠበቅ ያሳርፋል።

ምስል ማየትም ልክ ይኑረው። በቀን አንድ ጊዜ፣ ከታወቀ ምንጭ ማለትም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የሕዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ተቋም ወይም ከአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር መሥሪያ ቤቶች የወጣውን መስማት ይበቃል። ከመኝታ በፊት ስልክ ላይ የሚታየው የተሰነጠቀ መሬት ግን እንቅልፍ ይነሳል። ልጆችም የሚፈሩት ከራሱ ከንዝረቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የወላጆቻቸውን ፊት አይተው ነው። የደረቀ አልጋ እንደገና ማርጠብ፣ ከእናት ቀሚስ አለመላቀቅ በዚህ ወቅት የሚጠበቅ ነው፤ መገሠጽም መሳለቅም አይገባም። ለልጅ አጭርና እውነተኛ መልስ ይሰጠው፤ ትምህርት ቤትና ጨዋታ በተቻለ መጠን አይቋረጡበት።

መድኃኒትን በተመለከተ

ዳያዜፓም በእንዲህ ያለ ጊዜ በብዛት ይጠየቃል፤ መስጠቱም ለሁለቱም ወገን ይቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ አስደንጋጭ ሁኔታ በደረሰ በመጀመሪያው ወር ለሚታይ የጭንቀት ምልክትና ለእንቅልፍ ማጣት ይህን የመድኃኒት ወገን ለአዋቂም ለሕፃንም እንዳይሰጥ ይመክራል። ሱስ ያስይዛል፤ አረጋውያንን ለመውደቅ ያጋልጣል። በርዕደ መሬት ሥጋት ውስጥ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ በእንክብል የተኛ ሰው መሬት በተነቃነቀች ሌሊት ልጁን ይዞ ለመውጣት አይነቃም። ሰዎችን ሰብስቦ የደረሰባቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲዘረዝሩ ማድረግም እንደ ሕክምና እንዳይወሰድ ድርጅቱ ይመክራል። መናገር የፈለገ ይደመጣል፤ ዝም ያለ አይገደድም።

ከአዲስ እንክብል ይልቅ አስቸኳይ የሚሆነው ነባሩ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው። ፌኖባርቢታል የሚወስድ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ዘመድ ቤት ሸሽቶ መድኃኒቱን ቢረሳ በቀናት ውስጥ ተከታታይና ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊነሳበት ይችላል። የኢንሱሊን፣ የደም ግፊት፣ የኤች አይ ቪ፣ የሳንባ ነቀርሳና የከባድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። ሥጋቱ በተጀመረበት ሳምንት የእነዚህን ሕሙማን ዝርዝር አውጥቶ ከተለመደው ጊዜ ለሚበልጥ ቀን መድኃኒት መስጠት፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ማስያዝ፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊደረግ የሚችል ትልቅ ነገር ነው።

ቅሬውና ወዳጃው

ባለሙያ ብቻውን የሰፈርን ሥጋት አያቀልም፤ ቁጥሩም አይበቃም። በወሎ ግን የተዘጋጀ መሣሪያ አለ። ቅሬ ለቀብር ብቻ የቆመ ማኅበር ቢመስልም በየቤቱ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን ብቻውን እንደሚያድር፣ ዓይነ ስውሩ የማን ጎረቤት እንደሆነ ከየትኛውም መዝገብ ይልቅ ያውቃል። አንድ የቅሬ ስብሰባ ላይ ለእያንዳንዱ ደካማ ሰው የሚደርስለት ጎረቤት መመደብ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። አንድ ሰው «የሚደርስልኝ አለ» ብሎ ማደሩ ደግሞ የጭንቀትን ኃይል እንደሚቀንስ ጥርጥር የለውም።

ሰው ንዝረትን ከፈጣሪ ቁጣ ጋር ሲያያይዝ ሊሰማ ይችላል። ባለሙያው በዚህ ረገድ የሃይማኖት ክርክር ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። በወዳጃ ተሰብስቦ ዱዓ ማድረግ፣ በቤተ ክርስቲያን ምሕላ መድረስ ሰውን ከብቸኝነት የሚያወጣ፣ ትንፋሽን የሚያረጋጋ፣ ተስፋ የሚሰጥ ልማድ ነው። ጉዳት የሚመጣው «ለንስሐ ነውና መድኃኒት ይቅር» ሲባል ወይም ጥፋቱ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ቤተሰብ ወይም በአንዲት ሴት ላይ ሲጣል ነው። ይህን ለመከላከል ከኢማሙና ከቄሱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። በጸሎቱ ማብቂያ ላይ ስለ መገናኛው ሜዳና ስለ መድኃኒቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ከአንደበታቸው ቢወጣ፣ ከጤና ጣቢያ የሚለጠፍ ማስታወቂያ የማይደርስበት ጆሮ ይደርሳል። ዝናብ ሲጠፋ፣ ጠብ ሲነሣ የሚሰማው የአበጋሮች ቃልም እንዲሁ ነው።

የጤና ሠራተኛው ራሱም የሚፈራ ሰው ነው። ልጆቹ ቤት ውስጥ እያሉ ሌሊት ተረኛ ሆኖ የሚያድር ነርስ ሐሳቡ ሁለት ቦታ ይሆናል። ቤተሰቡ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያልወሰነ ሠራተኛ በአደጋው ሰዓት ሥራውን ትቶ ቢሮጥ ሊያስገርም አይገባም። ስለዚህ የተረኞች ዝርዝር ሲወጣ የየሠራተኛው ቤተሰብ ጉዳይ አብሮ ይነሣ፤ ልጅ ብቻውን የሚቀርበት ሠራተኛ ካለ ተራው ይለወጥ። ከዚሁ ጋር የጤና ጣቢያው ግቢ ራሱ ይታይ። የኦክስጅን ሲሊንደሩ በሰንሰለት ከግድግዳ ጋር ታስሯል ወይ? የመድኃኒት መደርደሪያው ተቸንክሯል ወይ? በማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ የተከመረው ካርቶን የወላድን መውጫ ዘግቶ እንደሆነስ? ይህን ለማየት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መዶሻና ጥቂት ምስማር ይበቃል።